ፊቴን ያዩት ልጆች

ይድረስ ለማከብርዎት ወንድም ጋሼ ምትኩ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ እትዬ ኤሌኒስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? ያ የወገብዎ ሕመም ለቀቅ አደረገዎት ወይስ ብርዱ ሲገባ ባሰበት? እማዬስ እንዴት ናት? እኔ እህትዎ ዘነቡ ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ደኅና አይደለሁም።

ክረምት ላይ ለእኛ ለአስተማሪዎች ሥልጠና ሰጡን። ከፊደልና ከሂሳብ ሌላ ሕፃናቱ ንዴታቸውን እንዲገቱ፣ የጓደኛቸውን ስሜት እንዲረዱ፣ ተጣልተው እንዲታረቁ አስተምሩ ተባልን። ሐዘንና ደስታ ደግሞ በጥቁር ሰሌዳ ይማሩታል እንዴ ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፤ እኔም ስቄ ነበር። ሁለተኛ ክፍሎቼን ግን አንድ ጨዋታ አስለመድኳቸው። አንድ ልጅ ፊት ይወጣና ዝም ብሎ ይቆማል። ሌሎቹ ፊቱን ያያሉ፤ ሳጨበጭብ ምን እንደተሰማው ይናገራሉ። ወደዱት። ድብድቡም ቀነሰ፤ ርዕሰ መምህሩ ሳይቀሩ አመሰገኑኝ።

ጫልቱ የምትባል ከላፍቶ የምትመጣ ሳቂታ ተማሪ አለችኝ፤ አባቷ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ተራዋ ደርሶ ወጣችና ጥርሷ አልከደን ብሎ ቆመች። አጨበጨብኩ። ትንሹ ሚሳኤል አዝናለች አለ። ሌሎቹም አንድ ላይ አዝናለች አሉ። እሷ ኧረ አላዘንኩም ብላ ሳቀች። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ ብዬ ብቆጣቸው፣ ያየነውን ነው አሉኝ። በሌላ ቀን ብደግመውም ያው ሆነ። ድምፃቸው ውስጥ ማሾፍ አልነበረም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አክስቷ ጥቁር ለብሳ መጣች። የልጅቷ አባት መኪናው ገደል ገብቶ ካረፈ ሰንብቷል፤ ሕፃን ናት ብለው ደብቀዋት ኖሯል። መርዶውን ሲነግሯት አውቃለሁ፣ ክፍል ውስጥ ነግረውኛል አለቻቸው። አክስቷ ማን ነው የነገራት ብላ አፈጠጠችብኝ። ከየቤታቸው ሰምተው ይሆናል ብዬ ልጆቹን ጠየቅኩ። ከእሷ ሰፈር የሚመጣ ሌላ ልጅ የለም፤ አባቷንም የሚያውቅ አልተገኘም። ሚሳኤልን እንዴት አወቅህ ስለው፣ ፊቷ ላይ ነዋ አለኝ፣ እንደ ሞኝ እያየኝ።

ጫልቱ ስትመለስ ያዘነ ጓደኛ እንዴት እንደሚጽናና አስተማርኳቸው። ሳይንጫጩ ተሰልፈው፣ አንድ በአንድ እጇን እየያዙ እግዜር ያጥናሽ አሏት። አለቀሰች፤ ቀለላትም። ጨዋታውን ግን ከዚያ ወዲያ ተውኩት።

ትናንት ራሳቸው አነሱት። ቲቸር፣ ዛሬ እርስዎ ይቁሙ አሉኝ። ደስ ብሎኝ የዋልኩበት ቀን ነበር፤ ከአገር የሚመጣው ነጋዴ ወጋየሁ ዋዜማውን የላካችሁልኝን ቅቤ አድርሶኝ ሁሉም ደኅና ናቸው ብሎኛል። እየሳቅሁ ቆምኩ፤ ራሴው አጨበጨብኩ። ውጭ የሌላ ክፍል ልጆች ኳስ ይራገጣሉ፤ የእኔዎቹ ትንፋሻቸው እንኳ አይሰማም። ጫልቱ ቀድማ ተነሣች። ሌሎቹም ከኋላዋ ተሰለፉ። እጄን ያዘችና እግዜር ያጥናዎት አለችኝ። ሚሳኤልም እንደዚያው። እስከ መጨረሻው ልጅ ድረስ እንደዚያው። ፀሐይ ገብቶበት በሞቀ ክፍል ውስጥ እጆቻቸው በሙሉ ቀዝቃዛ ነበሩ።

ወንድም ጋሼ፣ የአባታችንን መርዶ ሰው አገር ብቻዋን ናት ብላችሁ ደብቃችሁኝ፣ ተዝካሩ ሲወጣ እኔ እዚህ ሰርግ ቤት እስክስታ ስወርድ እንደነበር ያውቃሉ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አሁን ሳስበው ወጋየሁ እማዬን ለይቶ አላነሣትም፤ ያቀረብኩለትንም ሳይቀምስ ነው የሄደው። ልጆች ናቸው፣ ሊሳሳቱ ይችላሉ። እባክዎ ተሳስተዋል ይበሉኝ። ካልተሳሳቱ ግን ሽማግሌ ልከው በር አያስንኳኩብኝ፤ በራስዎ እጅ ይጻፉልኝ። ሰኞ እነሱ ፊት መቆም ፈርቻለሁ።

እትዬ ኤሌኒን በብዙ ናፍቆት እጅ ነሥቻለሁ ይበሉልኝ። ጸጋአብን ጉንጩን፣ ናዝሬትን ግንባሯን ይሳሙልኝ። እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። የማይችሉ ከሆነ ደግሞ አልሳምኳትም ብለው ብቻ ይጻፉልኝ፤ ይገባኛል።

እህትዎ ዘነቡ

መካኒሳ አቦ፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.