ያልደረሰህ ማረሚያ

ለወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናህ፣ ሥራህ፣ የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ልደታ ያለነው አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው። ይህችን መስመር መልሰህ አንብባት፤ አባባ አልሞተም። ይኸው ሳሎን ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ይሰማል፤ ድምፁን ቀንስልኝ ብለው እንቢ ብሎኛል።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ የሠራኸው አንተ ነህና ቶሎ ይገባሃል። የእድሩን አፕ ስንጽፍ የተጨቃጨቅንበትን አትረሳውም። እኔ፣ አንዱ ገጽ ሌላውን ሲከፍት የሚመለከተውን አባል ያስረክበው፣ እያንዳንዱ ገጽ የራሱን ይዞ ይቀመጥ አልኩህ። አንተ ደግሞ ምን ያለፋናል፣ «የተመረጠው አባል» የሚባል አንድ ኦብጀክት፣ አንድ አባል ብቻ የሚይዝ የጋራ ሣጥን፣ እንፍጠርና ሁሉም ገጽ እሱን ያንብብ፣ ሁሉም እሱ ላይ ይጻፍ አልክ። አልስማማም ስልህ ሜክሲኮ ካፌ ውስጥ፣ ሰው ፊት፣ ገና ተማሪ ነሽ ብለህ ሳቅክብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ባለፈው ሰኞ ብሎክ አራት ያሉት ጋሽ ሚደቅሳ አረፉ። የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ የእሳቸውን ገጽ ከፍተው የሞት ማስታወቂያውን አዘጋጁ። ሊልኩት ሲሉ አባባ ደወለላቸው፤ የቤት ቁጥሬ ተሳስቶ ተመዝግቧል፣ አስተካክሉልኝ ብሎ። ደግ ሰው አይደሉ፣ እዚያው የአባባን ገጽ ከፍተው አስተካከሉለት። ከዚያ ወደ ማስታወቂያው ተመልሰው ላኩት። የሟቹን ስም የሚሞላው አፑ ራሱ ነው፤ ያ የተረገመ ኦብጀክትህ ደግሞ በዚያች ሰዓት የያዘው አባባን ነበር። ለሁለት መቶ አሥር አባል የአባባ መርዶ ደረሰ።

አባባ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሲመለስ በራችን ላይ ድንኳን ይተከላል። ማን እንደሞተ እንኳ ሳይጠይቅ አግዳሚ ወንበር መሸከም ጀመረ። ጎረቤታችን እትዬ እንዳለች ስታየው ጮኻ ወደቀች። እኔ ከቢሮ እያለቀስኩ በታክሲ መጣሁ፤ አንድ ጫማዬ የት እንደቀረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንበር ተሸክሞ ሳየው ከማቀፌ በፊት ደረቱን በቡጢ መታሁት። ድንኳኑም ተነቅሎ ወደ ጋሽ ሚደቅሳ በር ሄደ።

እኔም ጥፋት አለብኝ። ኮዱን እያየሁት ነገ አስተካክለዋለሁ ስል ሁለት ዓመት ከርሜያለሁ። በማግስቱ አስተካከልኩት፤ አርባ መስመር አልሞላም። ስለዚህ የምቆጣህ በስህተቱ አይደለም።

አፑ መልእክቱን ማን እንደከፈተው ይመዘግባል። አንተም እስካሁን አባል ነህ። ስምህ አለ፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ። ከፍተህ አንብበኸዋል! ከአዳማ ልደታ ስንት ሰዓት ነው? ስልክ መደወልስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በሠርግህ ቀን አባባ የተናገረህን ሦስት ዓመት ቋጥረህ ይዘሃል፤ እሺ፣ ያዝ። ሬሳም ይኮረፋል እንዴ?

ማረሚያውን ለሁሉም ልልክ ስል አባባ እጄን ያዘኝ። ለወንድምሽ ተዪው፣ ለቀብሬማ ይመጣል፣ በሩን የምከፍትለት እኔ ነኝ አለና ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ቆይቻለሁ። እኔ ጅሏም ስምህን ከዝርዝሩ አወጣሁ። ማክሰኞ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በረንዳው ላይ ወንበር አወጣ። መኪና በቆመ ቁጥር አንገቱን ያሰግጋል። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ ወንበሩን ራሱ አስገባና፣ መርዶው ደርሶት ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። አልደረሰውም፣ ኔትወርክ የለም አልኩት። በአንተ ምክንያት አባቴን ዋሸሁ።

ዛሬ ከጁምዓ መልስ ጠራኝ። በይ አሁን ላኪለት፣ ሞቷል ብሎ እንዳይጨነቅ አለኝ። በአፑ ልልክልህ ሞክሬ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ፤ ለዚህ ነው ደብዳቤ የጻፍኩልህ።

አላህ ልብህን ያራራው። ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ሲያድጉም አይጨክኑብህ።

እህትህ