መምጫው ቁልቁለት ነው

መጋቢት 11
ወንድሜ ባህሮም ነገ ለሥራ ወደ ሴኡል ይበራል። ሻንጣው ውስጥ ያለው አዲስ ጫማው ውስጥ ዘቢብ ሞላሁበት። ገና አላወቀም... እግሩን ሲያስገባ ፊቱን ባየሁ!

መጋቢት 12
ሄደ። እማዬ እንደ ደንቡ ዳቦ አቀረበችለት። አንዴ ገመጠ፤ ቀሪውን ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ተመልሶ እስኪጨርሰው ማንም አይነካውም።
«ጥርስህን ለማስታወሻ ትተህልን ሄድክ» አልኩት።
«ሳኖባር፣ ያንቺም ምላስ አብሮ ቢሰቀል ጥሩ ነበር።»

መጋቢት 14
የበረራውን ሰዓት ስልኬ ላይ አየሁት። ከታሽከንት ከምሽቱ አራት ሰዓት ተነሥቶ ሴኡል ጠዋት ሁለት ተኩል። አሥር ሰዓት ተኩል! መምጫውስ? ከረፋዱ አምስት ተነሥቶ ስምንት ተኩል ላይ ታሽከንት። ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ! ወደ ቤት ቁልቁለት ነው ማለት ነው?
ለእማዬ ነገርኳት። «እውነትሽን ነው?»
«ከኛ ከማርጊላን ታሽከንት በመኪና ይረዝማል!»
ከሄደ ወዲህ ዛሬ ገና በደንብ በላች።

ግንቦት 3
እማዬ ሠርግ ላይ ሳይቀር ታወራለች። «የኔ ልጅ እዚሁ ነው ያለው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል።»
ለምናረባቸው የሐር ትሎች ቅጠል ልቆርጥ ወጥቼ ዛፉ ሥር ተጋደምኩ። ሰማዩ ወደኛ ያዘነበለ መሰለኝ... ባህሮም እንደ ዘቢብ ተንከባሎ ግቢያችን ጠብ ሊል። ዘቢቡን አገኘው እኮ! ደውሎ ነገረኝ፤ አንድ በአንድ እየበላው ነው፣ ሲጨርስ ሊገድለኝ።

ነሐሴ 20
ለእረፍት እመጣለሁ ብሎ ነበር። ደወለ፤ አለቃው ከለከለው።
እማዬ አላለቀሰችም። «ሦስት ሰዓት ተኩል መንገድ? ለእናቱ?» ተነሥታ ዳቦውን አወረደችው። «ለላሟ ስጫት።»
ለላሟ? ጣራው ላይ ደበቅኩት። ምነው ያኔ አፌን በያዝኩት...

ነሐሴ 21
ዩኒቨርሲቲ የሚማረውን የአጎቴን ልጅ ኢስካንዳርን ስለ በረራው ሰዓት ጠየቅኩት። በሳቅ ፈረሰ።
«አንቺ ጅል! እነሱ ጋ ሰዓቱ ከኛ በአራት ሰዓት ይቀድማል። ደግሞ መምጫው ነው የሚረዝመው። ላይ ያለው ንፋስ ፊት ለፊት እየገፋው፣ ሰባት ሰዓት ተኩል!»
ሌላ ጊዜ ቢሆን ሻዩ ውስጥ ጨው እጨምርበት ነበር። ዛሬ ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት።
«ንፋሱ ይገፋዋል?»
«አዎ።»
«መንገዱን ሁሉ?»
«መንገዱን ሁሉ።»
«አይ ልጄን... ዳቦውስ? ላሟ በላችው?»
ጣራ ላይ ወጣሁ።

ጥቅምት 6
በመጨረሻ ፈቀዱለት። አሁን ሰማይ ላይ ነው።
እማዬ ግቢ ቁጭ ብላ የዛፉን ቅጠል ታያለች። ንቅንቅ አይልም። ዳቦው ቦታው ላይ ነው፣ ድንጋይ ሆኗል። ሻይ ውስጥ ነክሮ ይበላዋል።
«እማ፣ አንቺም አትተንፍሺ፣ ታዘገዪዋለሽ» አልኳት።
እውነት መስሏት አፏን ያዘች። ልስቅባት ስል... ለካ እኔም ትንፋሼን ይዣለሁ።