ባለ ጋሻውን ያቀናሁ ለታ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ ለዓባይነሽ፤

እንደ ባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ ይድረስሽ። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባልሽ ንጉሴ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ደከም ብሏል፣ መነጽር ግን አላደርግም ብያለሁ። ፊደሌ ቢጣመምብሽ ቻይው፤ በሰው እጅ አላስጽፍም።

ባለፈው የልጄ የስመኝ ልጅ፣ ትርሲት፣ እንዴት ናት ብለሽ ብትጠይቂኝ ዝም ያልኩሽ አፍሬ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር ስንኖር አልተነጋገርንም። በአማርኛ ስጠራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ እኔም የኔ ካልጣማት የሷ አይጣመኝም ብዬ አፌን ዘጋሁ። ስመኝ «አባዬ፣ የስምንት ዓመት ልጅ እኮ ናት፣ እርስዎ ይባስ?» ትለኛለች። እልኽ በዘራችን ነው፣ ታውቂው የለ። ባለቤቴ ወለተሥላሴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር ታስታርቀን ነበር። ከልጅ ልጄ ሳልተዋወቅ ልሞት ነው እያልኩ ስሰጋ ከረምኩ።

ያለፈው ቅዳሜ ታዲያ ደላዌር ወደሚባል አገር ሄድን። ወፉም አውሬውም ተከልሎ የሚጠበቅበት ባሕር ዳር ነው፤ ልጆች ከነቤተሰባቸው ፍጥረትን የሚያዩበት ቀን ነበር። አልሄድም ብዬ ነበር፤ የስመኝ ባል ሲራክ «ይቅርብዎ፣ አይችሉትም» ሲል ጊዜ ባርኔጣዬን አንስቼ መኪናው ውስጥ ቀድሜ ተቀመጥኩ። የጎማ ቦት ጫማ አድርጉ ቢሉኝ እምቢ ብዬ፣ በሙሉ ልብስ ከነከረባቴ ወጣሁ። ጭቃው አንድ ጫማዬን ዋጠው።

አስጎብኚዋ ሴት አሸዋው ላይ በጀርባው የተንጋለለ ፍጥረት አሳየችን። ምን ልበልሽ፣ ድስት የሚያህል፣ ላዩ ጋሻ፣ ታቹ እግር በእግር፣ ጭራው ወስፌ! ልጆቹን «አንሱት፣ አንሱት» ትላለች። እዚህ ሰው የዚህ መሰሉን ሸርጣን ቀቅሎ እንደሚበላ አውቃለሁና፣ ሊያበሉብን ነው ብዬ ትርሲትን ከኋላዬ ሸሸግኳት፤ ዱላዬን አንስቼም «የክርስቲያን ልጅ ናት፣ እርኩስ አትበላም!» ብዬ ጮህኩ። ስመኝ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ያን ጊዜ ኮቴን ከኋላ ሳብ አድርጎ «አባባ፣ አይበላም! ተገልብጦ ነው፤ ካላነሱት ይሞታል» የሚል አማርኛ ሰማሁ። ዞር ብል ትርሲት ናት፤ በሳቅ ልትሞት። «አንተ አንሳው፣ እኔ እፈራለሁ» አለችኝ። አንተ ማለቷን ቤት ቢሆን አላልፈውም፤ ያን ለታ ግን እንደ ማር ጣፈጠኝ። በአንድ ጫማ ተንበርክኬ ከጋሻው ጠርዝ ይዤ አቀናሁት። ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው! ልጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያማ «እዚያም አለ፣ እዚያም አለ» እያለች እጄን ይዛ ስታስሮጠኝ ዋለች፤ በኋላ ራሷም ደፍራ አነሳች።

እሁድ፣ እርኩስ ነክቻለሁና ልግባ አልግባ ብዬ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ቄሱን ብጠይቃቸው «የወደቀ ማንሳት መቼ ያረክሳል? ጫማዎን አውልቀው ይግቡ» አሉኝ።

አሁን ትርሲት አትለቀኝም። በአማርኛ ስሙ ማነው ስትለኝ፣ አላውቅም ማለት ከአፌ አልወጣ ብሎኝ «ባለ ጋሻ» አልኳት። ሥዕሉን ሥላ ስሙን በኛ ፊደል አጻፈችኝና ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

ንጉሴን ሰላም በይልኝ፣ ልጅሽን ዘርትሁንንም ከነልጆቿ ሳሚልኝ። የተማረውን ልጅሽን ዮሐንስንም ሰላም በይው፤ የፍጥረቱን እውነተኛ ስም ካወቀ ለራሱ ይያዘው፣ እኔ አንዴ ብያለሁ። ትርሲትም አጠገቤ ቁጭ ብላ «ለሷም ሰላም በልልኝ» ብላሻለች፤ በገዛ አማርኛዋ።

ወንድምሽ ፀሐዩ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሰኔ 1 ቀን 2003 ዓ.ም.