የዩስር ምርመራና የዘኪያ መርፌ ቁልፍ

ልጄ ሙዒዝ፣

አስቀድመህ ይህን ተረዳ፤ ምርመራው ሕፃኗ ልጅህ ዩስር እንደ ወንድሟ እንደ ቀይስ ኦቲዝም ይኑርባት አይኑርባት አይነግረንም። ሐኪሞቹ የሚያጠኑት፣ ሕፃን ተኝቶ ንግግር ሲሰማ የአንጎሉ ክፍሎች እንዴት እንደሚገናኙ ነው። ሲያድግም ከአነጋገሩ ጋር ያስተያዩታል። አላህ በሰው አገር ጤናህን ይጠብቅልህ።

እኛ ደህና ነን። እዚህ ስፋክስ የወይራው ፍሬ ተለቅሞ አልቋል። ቀይስ ገና አፉን አልፈታም፤ ውሃ ሲጠማው ግን እጄን ይዞ ወደ ማድጋው ይወስደኛል።

ማክሰኞ ሆስፒታል ሄደን ባለቤትህ ሱንዱስ ዩስርን አጥብታ አስተኛቻት። ሕፃኗ አንጎል ወደሚያነሳው ማሽን ልትገባ ስትል የብረት መፈተሻው ጮኸ። ለካ አክስትህ ዘኪያ የሰው ዓይን እንዳይበላት ብላ በእጅ ቅርጽ የተሠራ ትንሽ የብር ጌጥ በመርፌ ቁልፍ መጠቅለያዋ ውስጥ ሰክታባት ኖሯል።

«እናቴ፣ ብረት ይዞ መግባት አይቻልም» አላት የማሽኑ ባለሙያ ዘኪያን።

«የሰው ዓይን የሚመልስላትን አውልቄ ለማሽንህ ዓይን ልስጣት?»

«ኧረ ማሽኑ ዓይን የለውም!»

«ታዲያ በምኑ ሊያያት ነው?»

ሁሉም ሳቀ፤ ዩስር ነቃች፤ ምርመራውም ቀረ።

ለሐሙስ ሳምንት ሌላ ቀጠሮ ሰጥተውናል። ከዚያ ካለፈ ለጥናቱ ዕድሜዋ ስለሚያልፍ አይቀበሏትም። ዘኪያ ከብዙ ክርክር በኋላ መርፌ ቁልፉን እኔ ዘንድ አስቀምጣለች። ሱንዱስ ግን «ቀይስ ሲመረመር ሙዒዝ ዝም ስላለ ሁሉን ብቻዬን ተሸከምኩት፤ አሁን እሱ ሐሳቡን ካልተናገረ ዩስርን አልወስዳትም» ብላለች።

አላህ ልብህን ያበርታው። እሺም በል እምቢ፣ ቶሎ መልስልኝ፤ ከእኔ በፊት ግን ለእሷ ደውል።

እናትህ