ለልጅህ እሺ ያልኳት ነገር

ግሩም፣

ፈረቃዬ ስለተቀየረ ወደ ኖርክሮስ ለሥራ ልወጣ ነው። ምስር ወጡ ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ።

ስልክህን ረስተህ ቤተ ክርስቲያን ሳለህ ልጅህ ከፍራንክፈርት ደወለች፤ አነሳሁት። "ፓፓ?" ስትለኝ አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከዚያ በጀርመንኛዋ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ አልገባኝም። "ያ፣ ያ" ብዬ እሺ አልኳት። በደስታ ጮኸችና ዘጋችው።

አማርኛ የማትችል ልጅህን እንድታናግራት ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ጀርመንኛ አስተማርኩህ። ላይፕሲግ አምስት ዓመት የተማርኩት ጀርመንኛ ግን ስለ ሲሚንቶ ብቻ ነው። ከክፍል ስወጣ ከሐበሻ ጋር ነበርኩ፤ ከጎረቤቴ ጋር እንኳ ወግ አልያዝኩም። አገሬ ስመለስ "የጀርመን ምሩቅ" ሲሉኝ ቋንቋውን እንደማልችል አልነገርኳቸውም። አንተም "ጋሼ፣ ይሄስ እንዴት ይባላል?" እያልክ ስትጽፍ እውነቱን መናገር አቃተኝ።

ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ካለው ሱቅ የምትሠራው መዓዛ ጋ ሂድ። እሷ ጀርመንኛውን የለመደችው እዚያው አገር የሰው ልጅ ስትጠብቅ ነው።

የጀርመንኛ ደብተርህ ጠረጴዛው ላይ ነው። አትጣለው አልልህም።

ነገ ለልጅህ ስትደውል በአንተ ስም ምን ቃል እንደገባሁላት ጠይቃት።

እንዴት ተብሎ እንደሚጠየቅ ግን አላውቅም።

እንድርያስ