ኮረፈችኝ ብዬ የኮረፍኩባት ሁለት ዓመት

እኔ በዚህ ሰፈር ለአርባ ሦስት ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ሽማግሌ፣ ዛሬ ማክሰኞ ሐምሌ አሥራ ሁለት ቀን፣ ማንም ሳያስገድደኝ ይህን ቃሌን በአራት ምስክሮች ፊት አስጽፌአለሁ። አእምሮዬ እንዳልከዳኝ እንድታምኑ ዕለቱን ራሴ ተናግሬ፣ በመርፌ ቀዳዳም ፊታችሁ ክር አስገብቻለሁ። ነገር ግን ባለፈው ወር ለመምህሩ ኮት ሁለት የግራ እጅጌ ቆርጫለሁ፤ ስለዚህ ሳይብስብኝ ልናገር።

አንደኛ፤ ቤቱ ለወንድ ልጄና ለሴት ልጄ እኩል ይሁን። እናታችሁ በሕይወት እስካለች ግን ማንም አይሽጠው፣ ከክፍሏም ማንም አያስነሳት።

ሁለተኛ፤ የስፌት መኪናው ለምራቴ ነው። ልጄ፣ "አባባ፣ እሷ መስፋት መቼ ታውቃለች?" ብለሃል። አታውቅም። ብትሸጠውም የራሷ ጉዳይ ነው። ምክንያቱን እያፈርኩ እናገራለሁ።

ባለቤቴ ስሜን መጥራት ትታ "አንተ ሰውዬ" ትለኝ ጀመር። ጠርዙን ዘምዝሚ ብዬ የሰጠኋትን ሱሪ እግሩን ድፍን አድርጋ ሰፋችው። እኔ ባደግሁበት ቤት ይህ ኩርፊያ ይባላል። የእህቷን ልጅ ሰርግ ስለከለከልኳት ቂም ይዛብኛለች ብዬ እኔም ኮረፍኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ገበታ እየበላን አላናገርኳትም። ያጠፋችው ነገር ሳይኖር ቀጣኋት።

ምራቴ ከሌላ ሕዝብ የተወለደች ናት። "አባባ፣ ይሄ ኩርፊያ አይደለም፣ በሽታ ነው። እኛ ጋ ሰው እንዲህ ሲሆን ሐኪም ያየዋል" አለችኝ። እኔም "ሚስቴን እብድ ልታሰኚ ነው? የእናንተ አገር ሰው አያረጅም?" ብዬ በሰው ፊት አዋርጄ አስወጣኋት። ጎረቤት ስለ ባለቤቴ ሲጠይቅ "ተኝታለች" እያልኩ በር ቆለፍኩባት። ምነው ያኔ እጄን በሰበረው!

ሦስተኛ፤ እኔም ስዘነጋ፣ ስለ እኔም ሆነ ስለ ባለቤቴ የምትወስነው ምራቴ ትሁን። ሐኪም ዘንድ ውሰዱኝ። ሰው ምን ይለናል ብላችሁ አትደብቁኝ።

አራተኛ፤ የምሰጠው ሳይሆን የምለምነው ነው። ባለቤቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ያስወጣኋት ምራቴም ተመልሳ አብራን አለች። በምስክሮቹ ፊት ጉልበቷን ይዤ "ይቅር በይኝ" አልኳት። እሷም ወደ ምራቴ ዞራ፣ "እኚህን አባት ማን አስቀይሟቸው ነው? ውሃ ስጫቸው። ባለቤቴ ሲመጣ ቤታቸው ያደርሳቸዋል" አለች። ጸሐፊው ሊያልፈው ነበር፤ እንዳለችው ጻፈው ብያለሁ።

ተናዛዥ፦ ልብስ ሰፊው (ፊርማ)
ምስክሮች፦ ዳቦ ጋጋሪው፣ ጡረተኛዋ አዋላጅ፣ ጫማ ሰፊው፣ የመምህሩ ወንድም (ፊርማቸው አለበት)