ጠበል የገባበት የባትሪ ውሃ

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለአንሙት፣

ሰላምታዬ ሰመራ ድረስ ይድረስህ። ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። እናትህ እማማም ደህና ናቸው፤ ብርዱ ጉልበታቸውን ያዝ ያደርጋቸዋል እንጂ ከቅዳሴ አልቀሩም።

ይህን በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አንተ መቼ ነው የምትመጪው ትላለህ፣ እኔ ቅርብ ነው እላለሁ፣ ከዚያ ስልኩን እንዘጋለን። ባለፈው ደግሞ እስከ ጥር ካልመጣሁ ለሁለታችን የተከራየኸውን ቤት እንደምትለቅና ከዚያ ወዲያ እንደማትጠብቀኝ ነገርከኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ መጻፍ መረጥኩ። የአጎትህ ልጅ ዘመነ ጭነት ይዞ ወደዚያ ስለሚወርድ እሱ ያደርስልሃል። እባክህ ሳትቆጣ እስከ መጨረሻው አንብበው። አንተ መጀመሪያ ተቆጥተህ ኋላ ነው የምታነበው።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናውን ነገር ሳወራህ ሁሌ ትስቅብኛለህ። "ሚስቴ በዱባ አበባ ልትመረቅ ነው" እያልክ ለጓደኞችህ ስታወራም ሰምቼሃለሁ። ሳቅ፤ ግን አንዴ በማይክሮስኮፕ ብታየው ዝም ትል ነበር። የወንዴው አበባ ብናኝ ሴቴዋ ላይ ሲያርፍ አንዲት ቀጭን ቱቦ ያወጣል። ቱቦዋ እየረዘመች ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ዘር ወደሚሆነው እስክትደርስ አትመለስም። በኤሌክትሪክ ነው የምታድገው ብልህ ብዙ አልዋሸሁም። ካልሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር ኤሌክትሪኩን ተሸክሞ በጫፏ ይገባል፣ ሌሎች ንጥረ ነገሮች ደግሞ በኋላዋ በኩል ይወጣሉ፤ እንዲህ እየዞረ የሚሄድ በጣም ትንሽ ከረንት አላት። ከረንቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ እሷም ፈጠን ትላለች፣ ቀስ ትላለች፣ ደግሞ ፈጠን ትላለች። ካልሲየሙን ከከለከልካት ትቆማለች፣ ወይም ትፈነዳለች። የእኔ ሥራ ይህን በጓሯችን ዱባ ላይ ማሳየት ነበር። አንዱ ብርጭቆ ካልሲየም አለው፣ ሌላው የለውም፤ ሁለቱን ማወዳደር ነው።

ለዚህ ምንም ያልተቀላቀለበት ውሃ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከጋራዦቹ ሰፈር የባትሪ ውሃ እየገዛሁ በነጭ ጀሪካን ጓዳ አስቀምጥ ነበር። የዱባ አበባ ጎህ ሲቀድ ፈክቶ ረፋዱ ላይ ስለሚከደን፣ ውህዱን እቤት አዘጋጅቼ አበባውን ቀጥፌ ወደ ላብራቶሪ እሮጣለሁ። እማማ በር ላይ ቆመው "በሰላም ዋይ" እያሉ ይሸኙኛል።

መስከረም ላይ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። ካልሲየም በሌለው ብርጭቆ ውስጥም ቱቦዎቹ አደጉ። ደገምኩት፣ አሁንም አደጉ። አማካሪዬ ዶክተር ያሕያ፣ ሰው ሲጮህ እንኳ ዞር ብሎ የማያይ ሰው፣ ከወንበሩ ተነሣ። ምናልባት የእኛ ዱባ ከሌላው የተለየ ጠባይ ይኖረዋል፣ ጻፊው፣ ታኅሣሥ ላይ ታቀርቢዋለሽ አለኝ። ያን ሰሞን በስልክ ድምፄ ደስ ያለህ ለዚህ ነው። ጥርን አንተ ዘንድ እንደምሆን እርግጠኛ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ግን ጀሪካኑን ሳነሣው ከበደኝ። መጉደል ሲገባው እስከ አፉ ሞልቷል። እማማን ጠየቅኋቸው።

"ሲጎድልብሽ አየሁና ከቤተ ክርስቲያኑ ጠበል እየቀዳሁ ጨመርኩልሽ እኮ" አሉኝ።

"ከመቼ ጀምሮ እማማ?"

"ዱባው ካበበ ጀምሮ።"

ጠበሉ ከድንጋይ ሥር የሚፈልቅ ነው፤ ካልሲየም አያጣም። እኔ የለውም ስል የነበረው ብርጭቆም ነበረው ማለት ነው። ደፉ ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስኩ። እማማ ተደናገጡ። ጠበሉ ምንም እንዳላጠፋ፣ እንዲያውም አበባዎቹን እንዳሳደጋቸው ስነግራቸው፣ "ታዲያ ከበጀ ምን ያስለቅስሻል?" አሉኝ።

ይህን ከእማማና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ዝም ብል ታኅሣሥ ላይ አቀርባለሁ፣ ጥር ላይ አንተ ጋ ነኝ። ዝም ማለት ፈልጌ ነበር አንሙት፤ በጣም ስለናፈቅኸኝ ፈልጌ ነበር። ግን ስሜ የሚጻፍበት ነገር ነው፤ ነገ ሌላ ሰው አምኖት ይሠራበታል። ሄጄ ለዶክተር ያሕያ ነገርኩት። መነጽሩን አወለቀና በእናትሽ አትዘኚባቸው አለኝ፤ የባል እናት መሆናቸውን አያውቅም። ሥራው ግን እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ዱባውን ደግሞ ውርጭ መታው፤ ዳግመኛ አበባ የማየው በሚመጣው ክረምት ነው።

ለአንተ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራቸው እማማ መጀመሪያ አንድ ነገር አዘዙኝ። ጠበሉን የጨመሩት ቶሎ ጨርሼ እንድሄድልህ ብለው እንደሆነ ጻፊለት አሉኝ። እሺ አልኩ። ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ሰፌዱን አስቀመጡት።

"እውነቱን ልንገርሽ? ስጨምረው የለመንኩት እንዲያ አልነበረም። እንዳትሄጅብኝ ነበር የለመንኩት።"

ከዚያ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

አልተቆጣሁም። አፈርኩ እንጂ። እኔና አንተ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጥር ስንነጋገር ከርመናል፤ እሳቸው ከማን ጋር ይቀራሉ ያለ ግን ከሁለታችን አንድም አልነበረም። ሰመራ እንዳይወርዱ አባትህ የተቀበሩት እዚህ ነው፤ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን የሚነቅላቸው የለም። ይህን ደግሞ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

ስለዚህ ጥር ላይ እኔ አልመጣም። ቤቱን ልቀቀው፣ አልቀየምህም። አንተ ግን ለጥምቀት ና። እማማ የነገሩኝን እንዳልነግርህ አስምለውኛል፤ ስለዚህ ምንም እንዳልሰማህ ሁን። ማንም ጠርቶኝ አይደለም፣ ናፍቃችሁኝ መጣሁ በላቸው።

ለእኔም እንዲሁ ብትለኝ አምንሃለሁ።

የእናትህ ጸሎት አይለይህ፤ እግዚአብሔር በመንገድህ ሁሉ ይቅደም።

ሚስትህ
የብርጓል